የጠበቀች «ና»

ሁለት ስንኝ ናት። ለዚህ ጽሑፍ እኔው ስለቋጠርኳት፣ ብንፈታታት የሚቀየም ባለቅኔ የለም፦

ዳገቱን ጨረስኩት፣ ልቤም ችሎ ጸና፤
ከድልድዩ ማዶ፣ የኔ ቀን ነው ገና።

ቦታው ላሊበላ ነው። ወደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የሚገባ ሰው ዐለቱ ተፈልፍሎ በወጣው ጥልቅ ቦይ ላይ በድልድይ ይሻገራል። ተናጋሪው ላስታን በእግሩ አቋርጦ ለታኅሣሥ 29 የደረሰ መንገደኛ ነው።

ልኩ የወል ቤት ነው፦ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ደግሞ ስድስት ቀለም። ሁለት ፍቺ የሚሸከመው ኅብር የተቀመጠው በመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። የ«ገና» «ና» ስትጠብቅ የልደት በዓል ናት፤ መንገደኛው ቀኑ ደርሶለታል። ስትላላ ቀኑ አልደረሰም። ዳገቱ አልቆም ድልድይ ይቀረዋል።

ሰሙ በዓሉ ነው፤ ጆሮን ወደዚያ የሚመራው ደግሞ ቤት መምቻው ነው። የ«ጸና» «ና» ጠብቃ ትነበባለች፤ ስለዚህ ጆሮ ሁለተኛዋንም ጠብቃ ይጠብቃታል። ወርቁን ፈልጎ የሚያላላት ሰው ግጥሙ ላይ ቤቱ በመጠኑ ሲላላበት ይሰማዋል። ቀኑ ላልደረሰለት ሰው ይህ አይበዛበትም።

የቃሉን ቦታም እንይ። «የኔ ቀን ገና ነው» ብንል ወርቁ ቀድሞ አፍጥጦ ይወጣል። «ገና» ከ«ነው» ኋላ ስትቆም ግን ሁለቱም ፍቺ እኩል ይሄዳል። «ማዶ»ም ለሁለቱ ታገለግላለች፦ በዓሉ እዚያ ነው፤ የቀረውም እዚያ ነው።

ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አለማሳየቱ ለአንባቢ ችግር፣ ለባለቅኔ መሣሪያ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኑረዋል። ለልቦለድ ጥሩ ጥንቃቄ ነው። እዚህ ግን አንዲት ነጥብ ብትጨመር ከሁለቱ ፍቺ አንዱ ይሞታል።

ተቃራኒው ሥራ፣ ለጆሮ አንድ የሆኑትን በፊደል መለየት፣ የጸሐፊው ነው። «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ፊደሉ ብቻ ነው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ወሰደ። እንግሊዞችም ባሕሩንም ማየቱንም «ሲ» ይላሉ፤ የሚለያየው አጻጻፉ ነው። በእነዚህ ዐይን ይለያል፣ ጆሮ ይሳሳታል። በኛይቱ ስንኝ ጆሮ ይለያል፣ ዐይን ነው የሚሳሳተው። የዋድላ ቅኔ ቤት ከላስታ አጠገብ ነው፤ እዚያ የዋለ ተማሪ የስንኟን ኅብር ሳይነግሩት ያየዋል።

ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። እኔ ብሆን አጥብቄ እጥላታለሁ፤ ላላዋን ሰሚው ይፈልጋት።