ለጣና የሚሆን ፕሮፔለር

ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው የሞተሩ ጉልበት ነው። «ስንት ፈረስ ነው?» ይባላል፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ አምስት፣ አርባ ተብሎ ይመለሳል፤ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ከውሃው በታች ስለሚዞረው ፕሮፔለር የሚጠይቅ እምብዛም የለም። እኔ አውትቦርድ ሞተር እየጠገንኩ፣ የጠገንኩትንም ጀልባ ላይ እየሞከርኩ የምኖር ሰው ነኝ። ከዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር ጥያቄው ከሌላ ቦታ መጀመር እንዳለበት ነው፦ ጀልባው ምን ይጭናል? የሚሠራው የት ነው? ሞተሩስ ያንን ጭኖ ስንት ዙር ይደርሳል? ፕሮፔለር የሚመረጠው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እንጂ በፈረስ ጉልበት ብቻ አይደለም።

ፕሮፔለሩ ላይ፣ እምብርቱ ወይም ክንፉ ሥር፣ ሁለት ቁጥሮች ተመትተው ይገኛሉ። ለምሳሌ 10 × 12 የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ዲያሜትሩ ነው፤ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 10 ኢንች ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ውሃው ምንም ባይንሸራተት ፕሮፔለሩ በአንድ ሙሉ ዙር 12 ኢንች፣ ማለትም ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ይሄዳል ማለት ነው። ውሃ ግን ይንሸራተታል። ቀላልና ፈጣን ጀልባ ላይ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ፣ ሰውና ዕቃ የሞላ ከባድ ጀልባ ላይ ደግሞ ሠላሳ በመቶና ከዚያም በላይ በመንሸራተት ይጠፋል።

አውትቦርድ ሞተር ወደፊት፣ ወደኋላና ባዶ እንጂ እንደ መኪና የሚቀያየር ማርሽ የለውም። የዓባይን በረሃ የሚወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሁለተኛ ያስገባል፣ አንደኛ ያስገባል፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ መልሶ ወደ አራተኛና አምስተኛ ያሳልፋል። የጀልባ ነጂ ይህ ዕድል የለውም። ፒቹ ያቺ አንዷ ማርሽ ናት፤ የምትመረጠውም ዳር ላይ፣ ገና ሳይነሱ ነው። ፒቹ ከበዛ ዳገቱን በአምስተኛ ማርሽ እንደመውጣት፣ ካነሰ ደግሞ ሜዳውን ሁሉ በአንደኛ እንደመሄድ ይሆናል።

ነገሩን የሚያስቸግረው ልማዳዊው አስተሳሰብ ወደ ተቃራኒው መሄዱ ነው። አንድ ወጣት ጀልባ ነጂ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሞተሯ አልፈጥን ብላኛለች፤ ከዚህ ተለቅ ያለ ፕሮፔለር ካለ ይፈልጉልኝ» ይለኛል። «ቆይ እስቲ ልጄ፣ መጀመሪያ ስንት ዙር እንደምትደርስ እንይ» እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ከጠየቀው ተቃራኒ ሆኖ ይገኛል፤ ፒቹ አነስ ያለ ፕሮፔለር።

ምክንያቱ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሞተር ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጠው ሊደርስበት የሚገባ የዙር መጠን አለው፤ የፋብሪካው መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ብዙዎቹ ትንንሽ ባለሁለት ምት ሞተሮች በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር፣ ብዙዎቹ ባለአራት ምት ሞተሮች ደግሞ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ናቸው። ሞተሩ የተጻፈለትን ጉልበት የሚሰጠው እዚያ ሲደርስ ነው። ፒቹ በዝቶበት 4,200 ላይ የቀረ የ25 ፈረስ ሞተር፣ 25 ፈረሱን አንድም ቀን አልሠራም። ነጂው እጀታውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዞ ነዳጅ ይሰጣል፤ ነዳጁ ይገባል፤ ሞተሩ ግን ታፍኖ ያጓራል። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑ ራስ ላይ ካርቦን ይጋገራል፣ ፋሻዎቹ ቦታቸው ላይ ይጣበቃሉ። «ሞተሩ ያለ ጊዜው አረጀ» ከሚባሉት ብዙዎቹን ያስረጃቸው የተሸከሙት ፕሮፔለር ነው።

መለኪያውን ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ፒቹን በአንድ ኢንች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል፤ በአንድ ኢንች መጨመር ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 4,200 ላይ የቆመን ሞተር ወደ 4,800 ለማድረስ ከሦስት እስከ አራት ኢንች መውረድ ያስፈልጋል ማለት ነው። «ትልቅ» የሚለው ቃልም ሁለት ቁጥሮችን እንደሚያቀላቅል ልብ ይሏል። ከባድና ዝግተኛ ጀልባ ሰፊ ዲያሜትርና ትንሽ ፒች ይወዳል፤ ቀላልና ፈጣን ጀልባ ደግሞ ጠበብ ያለ ዲያሜትርና ትልቅ ፒች።

ብዙ ብረት ብዙ ፍጥነት አለመሆኑ የታወቀው ገና በፕሮፔለር ታሪክ መጀመሪያ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1837 ለንደን ውስጥ በፓዲንግተን ቦይ ላይ ጀልባውን ሲሞክር፣ ከእንጨት የተሠራው ረጅም ጠምዛዛ ፕሮፔለር ከፊሉ ተሰብሮ ወደቀ። ጀልባው ይቆማል ተብሎ ሲጠበቅ ይባስ ፈጠነ። ስሚዝም ከዚያ በኋላ አጭሩን ቅርጽ ይዞ ቀጠለ።

አሁን ወደ ጣና ልምጣ፤ እዚህ ለምንሠራ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ይህ ነውና። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰውን ያህል ነው የሚሠራው። በግምት በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። 1,800 ሜትር ላይ 18 በመቶ ይሆናል። ሽፋኑ ላይ 40 የተጻፈበት ሞተር ጣና ላይ 33 ፈረስ ገደማ ነው፤ 15 የተጻፈበትም ከ12 ብዙም አይበልጥ። ሃዋሳም በከፍታ ከዚህ ብዙ አትርቅም። ጫሞ ወደ 1,100 ሜትር ስለሚወርድ ጉዳቱ 11 በመቶ ያህል ነው። ጋምቤላ ላይ ባሮ ወንዝ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሞተሩ የሚያጣው ጥቂት ነው።

አብሮት ከፋብሪካ የሚመጣው ፕሮፔለር ግን የተመረጠው ለባሕር ወለል ነው። ፕሮፔለር ከሞተር የሚጠይቀው ጉልበት ከዙሩ ጋር እኩል አያድግም፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን የሚጠይቀው ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት ባሕር ላይ 5,500 ዙር የሚደርስ ሞተር ያንኑ ፕሮፔለር ይዞ ጣና ላይ 5,150 አካባቢ ይቀራል። ከ300 እስከ 400 ዙር ጠፋ ማለት ነው፤ ይህም ሁለት ኢንች ፒች ነው። ስለዚህ አዲስ ሞተር ከካርቶኑ ሲወጣ ከእኔ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር፣ የፕሮፔለሩን ፒች ሁለት ኢንች ዝቅ አድርገን እንሞክር የሚል ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከሆነ ጂግለሩም ለከፍታው መስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ ለቀጭኑ አየር ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል።

የፒች ቅነሳ የጠፋውን አየር አይመልስም፤ 40ው ዳግመኛ 40 አይሆንም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሞተሩ የቀረችውን ጉልበት በራሱ ዙር ላይ ሆኖ እንዲሠራባት ማስቻል ነው። ለጣና የተመረጠውን ፕሮፔለር ይዞ ወደ ባሮ የሚወርድ ሰው ደግሞ እዚያ ሌላ መምረጥ አለበት፤ ወፍራሙ አየር ላይ ሞተሩ ከልኩ በላይ ይሽከረከራል።

የሙከራው ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መሣሪያው ግን ርካሽ ነው። ትንንሾቹ በእጀታ የሚነዱ ሞተሮች የዙር መቁጠሪያ የላቸውም። ሽቦው የካንዴላ ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ዙር የሚቆጥር ትንሽ መቁጠሪያ አለ፤ በእሱ እሠራለሁ። ሲገዛ ሞተሩ ባለሁለት ምት ይሁን ባለአራት ምት፣ ስንት ሲሊንደር እንዳለው ተነግሮት መስተካከል አለበት። ለፍጥነት የስልክ ጂፒኤስ ይበቃል። ከዚያ ጀልባው የሚጫነውን ያህል ይጫናል። አሥር ሰው የሚጭን ከሆነ አሥር ሰው፣ ካልተገኘ አሸዋ የሞላ ጆንያ፤ ስድስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ገደማ። ቤንዚኑ ሙሉ፣ ነፋሱ ያልተነሳበት የጠዋት ሰዓት። ነዳጅ እስከ መጨረሻ ሰጥቼ ቁጥሩ እስኪረጋ እጠብቃለሁ፤ አነበዋለሁ። በመጣሁበት መስመር ተመልሼ አነበዋለሁ። የሁለቱን አማካይ እይዛለሁ።

መንሸራተቱንም ማስላት ይቻላል። ዙሩን ለማርሽ ሬሾው (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ለሚዞረው ልክ) አካፍሎ በኢንች በተለካው ፒች ማባዛት፣ ከዚያ በ0.001524 ማባዛት፤ የሚገኘው ውጤት ውሃው ባይንሸራተት ኖሮ ጀልባው በሰዓት የሚሄደው ኪሎ ሜትር ነው። 5,000 ዙር፣ ሬሾ 2፣ ፒች 10 ቢሆን 38 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ስልኩ 28 ካሳየ ከሩብ ትንሽ የሚበልጠው ተንሸራቷል፤ ለተጫነ ጀልባ ደኅና ነው። 18 ካሳየ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ፕሮፔለር ከመለወጥ በፊት እሱ ይፈለጋል።

ያ ሌላ ነገር ብዙ ጊዜ የሞተሩ አቀማመጥ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ወለል ጋር እኩል ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ መሆን አለባት። ሞተሩ ከፍ ብሎ ከታሰረ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ሲነሳ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ድንገት ይጮሃል፣ ጀልባው ግን ይዘገያል። አለዚያም የእምብርቱ ላስቲክ ለቆ ይሆናል። ይህ ላስቲክ ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ማርሹን ለማዳን የሚንሸራተት ነው፤ አንዴ ከለቀቀ ግን ጭነት ሲበዛ ሁልጊዜ ይንሸራተታል። ለማወቅ ከውስጠኛው ቱቦ እስከ ውጭው ብረት አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አሰምራለሁ፤ ጀልባውን አስነድቼ ስመለስ መስመሩ ለሁለት ተለያይቶ ካገኘሁት ጥፋተኛው ላስቲኩ ነው፤ የፒች ጉዳይ አይደለም።

በጣና ዳርቻ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፤ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ትናንት የተሻገሩበት ዛሬ ይነካል። ስለዚህ ለሥራ ጀልባ አሉሚኒየም እመርጣለሁ። ስቴንለስ ስቲል ክንፉ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ይፈጥናል፤ ድንጋይ ሲመታ ግን ራሱ ሳይጎዳ ምቱን ወደ ማርሹ ያስተላልፋል። አሉሚኒየሙ ይታጠፋል፣ ይሸረፋል፤ ከማርሽ ሳጥን ግን እሱ ይረክሳል። የተሸረፈውን ጠርዝ በሞረድ ማለስለስ ይቻላል፤ ክንፎቹ ሦስቱም እኩል እስከሆኑ ድረስ። አንዱ ክንፍ ከሌሎቹ ካጠረ ንዝረቱ ዘንጉን ይበላል። ባለአራት ክንፍ ደግሞ ከባለሦስቱ ከ50 እስከ 100 ዙር ይቀንሳል፤ በምትኩ ከባድ ጀልባን ሲያስነሳና ማዕበል ውስጥ ሲሄድ ውሃውን ጨብጦ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እንቦጭ ሌላ ፈተና ነው። ሥሩ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ ክንፉ ወደኋላ ጋደል ያለ ፕሮፔለር አረሙን አንሸራትቶ ይጥላል፤ ቀጥ ያለው ይሰበስበዋል። ከእንቦጭ የከፋው ግን የዓሣ መረብ ክር ነው። ፕሮፔለሩ ወልቆ ከኋላው ሲታይ ናይለኑ ቀልጦ ቀለበት ሠርቶ ኦይል ሲሉን እየቆረጠ ይገኛል። ውሃ ወደ ማርሽ ሳጥኑ ይገባል፤ ዘይቱ ሲፈስ ነጥቶ ይወጣል። ስለዚህ ፕሮፔለር ለመቀየር ባይሆንም አልፎ አልፎ ማውለቅ ግድ ነው። የካንዴላ ገመዱ ይነቀላል፤ ሞተሩ በስህተት እንዳይነሳ ይህ ቅድሚያ ነው። በክንፉና በሳህኗ መካከል ቁራጭ እንጨት ይገባል፣ ኮፒሊያው ይወጣል፣ ዳዶው ይፈታል። ዘንጉ ተጠርጎ ግራሶ ይቀባል፤ የወጡት ሮንዴላዎች በወጡበት ቅደም ተከተል ይመለሳሉ።

ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሁለት ፕሮፔለር መያዝ ለምን ይከብዳል? በዓመቱ መካከል ሁለት ሦስት ቱሪስት የሚያመላልስ ጀልባ፣ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደ ዘጌ ሲሄድ እስከ ልኩ ይሞላል። ለባዶው የተመረጠው ፒች ለሞላው ይከብዳል። አንድ ብቻ መያዝ የሚቻል ከሆነ ለከባዱ ቀን ይመረጥ፤ ባዶ ሲሄድ ነጂው እጁን ሰብሰብ አድርጎ ዙሩን ከላይኛው ወሰን በታች ሊይዝ ይችላል። ተሞልቶ የታፈነን ሞተር ግን በእጅ ብልሃት ማዳን አይቻልም። በዚያ ላይ የሚጎዳው ሞተሩ ብቻ አይደለም። ሐይቁ መካከል ነፋስ ሲነሳ ልጅ ያዘለች እናት፣ በትር የያዙ አዛውንት፣ ዋና የማይችል ተማሪ የተሳፈሩበት ጀልባ ፊቱን ወደ ማዕበሉ ይዞ ለመቆም ትርፍ ጉልበት ይፈልጋል። ያቺን ትርፍ የምትሰጠው በልኩ የተመረጠችው ፕሮፔለር ናት።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጀልባ ባለቤትና ለጀልባ ነጂዎች ማኅበራት የምለው ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ጀልባ አንድ ደብተር ይኑር፤ የፕሮፔለሩ ዲያሜትርና ፒች፣ ባዶና ሙሉ ሆኖ የደረሰበት ዙር፣ ፍጥነቱ፣ የበላው ቤንዚን ይጻፍበት። ሞተር ሲቀየር፣ ነጂ ሲቀየር ደብተሩ ከጀልባው ጋር ይቆይ። ዛሬ ይህ እውቀት በየሰው ጭንቅላት ተበትኖ ስላለ አዲስ የመጣ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሻጭም ያለውን ይሸጥለታል። ተጽፎ ቢገኝ ግን አዲሱ ነጂ ፕሮፔለር ሊገዛ ሲሄድ «ተለቅ ያለ» አይልም፤ ቁጥሩን ይናገራል።