ባለሙያም አክስትም

ከጨንቻ ደጋ ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ ሽሮ ሜዳ፣ የሚወሰዱ ሕፃናት ጉዳይ ሲነሣ በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይጠቀሳል፤ ይሁንና መልሶ ማቀላቀል የሚባለው ሥራ፣ ማለትም ዘመድ ማፈላለጉና ልጁ ከተመለሰም በኋላ እየሄዱ መጠየቁ፣ በአብዛኛው የማኅበራዊ ሠራተኞች ድካም ነው። ወላጅ ሲታጣ ብዙ ጊዜ የምትረከበው አክስት ናት፤ በቅጹ ላይ በአንድ ፊርማ የሚያልቀው ኃላፊነት ግን ቆጮውን ከልጆቿ እኩል ማካፈልን፣ ሌሊት የሚባንነውን ማባበልን፣ ደላላው፣ ልጅ አግባብቶ የሚወስደው አቀባባይ፣ ዳግም ሲመጣ ከደጅ መመለስን ይጨምራል። በአርባ ምንጭ ማኅበራዊ ሠራተኛም አክስትም ሆና ያለፈች ሴት የሕይወት ታሪኳ በቀብሯ ሲነበብ፣ የምስክር ወረቀቶቿ ተዘርዝረው ይህ ድካሟ «ደግ ነበረች» ተብሎ ብቻ ይታለፋል፤ ሊነበብ የሚገባው ግን ስንቱን ልጅ ከመናኸሪያ መልሳ ስንቱን በቤቷ እንዳስተማረች ነው።