የነፍስ እንክብካቤ በማን ሥልጣን? የፍሮይድና የፊስተር ደብዳቤዎች ለእረኛ የሚያነሡት ጥያቄ

አንድ መጋቢና አንድ አምላክ የለሽ ሐኪም ለ30 ዓመታት ያህል ተጻጽፈዋል። መጋቢው በዙሪክ ከተማ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረው ኦስካር ፊስተር (1873–1956 እ.አ.አ.) ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ የሳይኮአናሊሲስ መሥራች የሆነው የቪየናው ሲግመንድ ፍሮይድ (1856–1939)። በ1909 የጀመረው መጻጻፍ የተቋረጠው በፍሮይድ ሞት ነው። ደብዳቤዎቹ በ1963 በከፊል፣ በ2014 ደግሞ ይበልጥ በተሟላ ሁኔታ በጀርመንኛ ታትመዋል። የምክር አገልግሎት የሚሰጥ እረኛ ሁሉ ሊያነባቸው ይገባል እላለሁ፤ ነገር ግን በጥንቃቄ።

በቅድሚያ ምስጋና ለሚገባው ምስጋና እንስጥ። ፍሮይድ በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ሳይኮአናሊሲስ በራሱ ሃይማኖታዊም ፀረ ሃይማኖታዊም ያልሆነ መሣሪያ እንደሆነ፣ አገልጋይም ሊጠቀምበት እንደሚችል ጽፏል። እንዲያውም መጋቢው የተጨነቀውን ሰው ወደ እግዚአብሔር መምራት መቻሉን ሐኪሙ የሌለው ዕድል አድርጎ ቈጥሮታል። በ1927 ሃይማኖትን ምኞት የወለደው ቅዠት አድርጎ የሚያቀርበውን መጽሐፉን ሊያወጣ ሲል ለወዳጁ አስቀድሞ ነገረው፤ ስለ እርሱ ሲል ጽሑፉን አቆይቶት እንደነበርም አልሸሸገም። ፊስተር አልተቆጣም፤ ግንኙነቱንም አላቋረጠም። በ1928 መልሱን ጻፈ፤ መልሱም የወጣው ፍሮይድ ራሱ ባቋቋመው «ኢማጎ» መጽሔት ላይ ነበር። ተቃዋሚን በስድብ ሳይሆን በክርክር፣ ወዳጅነትንም ሳያፈርሱ መመለስ ከዚህ የምንማረው መልካም ነገር ነው።

ሆኖም ውድ አንባቢ፣ ወዳጅነቱ ሁለት ከባድ ጥያቄዎችን እንዳይሸፍንብን እንጠንቀቅ።

የመጀመሪያው ምስጢርን ይመለከታል። በ1910 ፍሮይድ ፊስተር የጻፈውን አንድ የሕክምና ታሪክ ሲተች፣ የጽሑፉ ድክመት የጸሐፊው ጨዋነት ነው ይለዋል። እንደ እርሱ አስተያየት ጥሩ ትንተና የሚጽፍ ሰው ምስጢር ጠባቂነትን ወደ ጎን መተው አለበት፤ ለሥራው ሲል የቤቱን አስቤዛ ገንዘብ ቀለም እንደሚገዛበት ሠዓሊ መጨከን ይኖርበታል። ዝርዝር ከሌለ ሳይንስ የለም የሚለው ሐሳብ ከዘርፉ አንጻር ሲታይ ክብደት አለው። ለእረኛ ግን የሰው ምስጢር ሊሸጠው የሚችል የራሱ ንብረት አይደለም፤ አደራ ነው። ይህ ሩቅ ችግር አይምሰለን። ሐሙስ ዕለት በቢሮ የሰማነውን እንባ ስሙን ብቻ ቀይረን እሑድ በመድረክ ላይ ምሳሌ ስናደርገው፣ ያቺ እህት ከጉባኤው መካከል ተቀምጣ ራሷን ታውቃለች። ፍሮይድ ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ እኛ ግን ስብከት ብለን እናልፈዋለን።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ጥልቅ ነው። በኅዳር 1928 በጻፈው ደብዳቤ ፍሮይድ ኢየሱስ ለሽባው ሰው ስለ ተናገረው የኀጢአት ስርየት ያነሣል። ቃሉ የሥነ ልቦና ጥልቀት እንዳለው ይቀበላል፤ ነገር ግን ሽባው ይቅር መባሌን በምን ታውቃለህ ብሎ ቢጠይቅ፣ ከተናጋሪው የእግዚአብሔር ልጅነት በቀር መልስ አይገኝም ይላል። ቀጥሎም እርሱ፣ ፕሮፌሰር ፍሮይድ፣ ለታካሚው ኀጢአትህን ይቅር እልሃለሁ ቢል ምን ያህል መሳቂያ እንደሚሆን ይጽፋል። በዚያው ደብዳቤ ሐኪም መሆን የማያስፈልጋቸው፣ ካህን መሆንም የማይገባቸው የነፍስ ተንከባካቢዎች እንዲኖሩ ይመኛል።

ይህ በማርቆስ 2 ጸሐፍት በልባቸው ያሰቡት ጥያቄ ነው። ፍሮይድ የጥያቄውን ክብደት ከብዙ አማኞች ይልቅ ተረድቶታል፦ ይቅርታው የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በተናጋሪው ማንነት ላይ ነው። የሳተው መልሱን ነው። ክርስቶስ ማን እንደሆነ የሚለውን ጥያቄ ሳይመረምር ዘጋው፤ ከዚያ በኋላ የቀረለት የነፍስ እረኝነት እረኛ የሌለው አገልግሎት ነው።

ፊስተርስ? በሊበራል ነገረ መለኮት መንፈስ የሚያስብ ሰው እንደመሆኑ፣ ለሃይማኖት ያቀረበው መከላከያ በአብዛኛው በፍሬው ላይ ያርፋል፦ እውነተኛ ክርስትና ፍቅርን ያፈራል፣ ሥነ ምግባርን ይጠብቃል፣ ሰውን ከፍርሃት ነጻ ያወጣል። ኋላም በ1944 ስለ ክርስትናና ፍርሃት ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ ይህንኑ አስፋፍቶታል። ፍርሃትን የሚዘራ ሃይማኖተኝነት ወንጌል እንዳልሆነ ማሳየቱ ትልቅ አገልግሎት ነው። ነገር ግን ጠቃሚነት እውነትነትን አያረጋግጥም። ፍሮይድም ቢሆን ሃይማኖት አንዳንዱን ሰው ያጽናናል የሚለውን አልካደም፤ የጠየቀው እውነት ነው ወይ ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከመስቀሉና ከትንሣኤው ያነሰ መልስ አይበቃም።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን መድረክ እንመልከት። ወንጌልን ሰላም፣ ፈውስና መከናወን ስለሚያስገኝ ብቻ ተቀበሉ ስንል፣ ሳናውቀው በፊስተር መከላከያ ላይ ቆመናል፤ ያውም ያለ ፊስተር ትሕትና። ሰላሙ ያልተሰማው፣ ጭንቀቱ ከጸሎት በኋላም ያልለቀቀው ምእመን ምን ይያዝ? ስርየቱን በስሜቱ የሚለካ ሰው ስሜቱ ሲደፈርስ ስርየቱንም ያጣ ይመስለዋል።

ስለዚህ የምክር አገልግሎት የምንሰጥ ሁሉ ከእነዚህ ደብዳቤዎች ማዳመጥን እንማር፤ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ወደ ሐኪም መላክም የእምነት ጉድለት አይደለም። ነገር ግን ኀጢአቱን የተናዘዘ ወንድም ፊታችን ሲቀመጥ፣ የሚያስፈልገው የእኛ ጥበብ ወይም መልካም ፊት ብቻ አይደለም። በራሳችን ስም ይቅር ብንለው ፍሮይድ እንዳለው መሳቂያ እንሆናለን። የምንነግረው የተላክንበትን ቃል ነው፤ ቃሉም የሚጸናው በእኛ መልካምነት ሳይሆን፣ ሊናገረው ሥልጣን ባለው በሰው ልጅ ነው።