ሳጥኖቹ ከበር ከወጡ በኋላ የት ሄዱ? ስለ ሁለት የሚኒማሊዝም ፊልሞች

ራያን ኒኮዲመስ ቤት የሚለቅ ይመስል ያለውን ዕቃ በሙሉ በካርቶን አሸገ። ልብሱን፣ ድስቱን፣ ፎጣውን፣ ሁሉንም። ከዚያ ለሦስት ሳምንት የሚያስፈልገውን ብቻ፣ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ከካርቶን እያወጣ ኖረ። በ21ኛው ቀን ዞር ብሎ ሲያይ ከዕቃው 80 በመቶ ያህሉ እንደታሸገ ተቀምጧል። ሸጠው፣ ለበጎ አድራጎት ሰጠው፣ ተገላገለ።

ይህ እ.ኤ.አ. በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ከወጣው «ሌስ ኢዝ ናው» ዘጋቢ ፊልም ዋና ዋና ታሪኮች አንዱ ነው። ራያንና የልጅነት ጓደኛው ጆሹዋ ፊልድስ ሚልበርን በአሜሪካ «ዘ ሚኒማሊስትስ» በሚል ስም ይታወቃሉ። ዳይሬክተሩ ማት ዳቬላ ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2015 «ሚኒማሊዝም» የሚል ፊልም ስለነሱ ሠርቷል። ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ካያችሁ በኋላ ክፍላችሁን ማጽዳት መፈለጋችሁ አይቀርም። እኔም ፈልጌያለሁ። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ያ 80 በመቶ የት ሄደ?

ፊልሙ ይህን አይጠይቅም። ካርቶኖቹ ከበር ሲወጡ ካሜራው ከራያን ጋር ቤት ውስጥ ይቀራል፤ ምን ያህል ቀለል እንዳለው ይነግረናል። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ደግሞ ዓይኑ ከካርቶኑ ጋር መሄዱ አይቀርም። ቴርሞዳይናሚክስ ስንማር ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ በምናጠናው ነገር ዙሪያ በነጠብጣብ መስመር ወሰን ማስመር ነው። ከዚያ «ምን ገባ? ምን ወጣ? ምን ቀረ?» ብለን እንጠይቃለን። ወሰኑን ጠበብ አድርጎ ያሰመረ ተማሪ መልሱ ያምራል፤ ግን ይሳሳታል። ሁለቱ ፊልሞች ወሰናቸውን ያሰመሩት በመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። በዚያ ወሰን ውስጥ ስሌቱ ልክ ነው፤ ዕቃው ቀንሷል። ወሰኑን ከተማውን እንዲያካትት ብናሰፋው ግን አንድ ኪሎ እንኳ አልቀነሰም። ቦታ ነው የቀየረው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። የጆሹዋ ታሪክ ጥሩ ነው። እናቱ ሲሞቱ ቤታቸውን ሊያጸዳ ይሄዳል። ዕቃቸውን ሁሉ ማከማቻ ተከራይቶ ሊያስቀምጥ ሲያስብ አልጋቸው ሥር የታሸጉ ሳጥኖች ያገኛል፤ ውስጣቸው የእሱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወረቀቶች አሉ። እናቱ ለዓመታት ሳይከፍቷቸው አስቀምጠዋቸዋል። ሰው ትዝታን በዕቃ ውስጥ ሊያስር ሲሞክር ምን እንደሚመስል ከዚህ ትዕይንት በላይ ያሳየኝ የለም። ፊልሙ ስለ ውስጣዊ ሰላም ብቻ ቢያወራ ኖሮ እኔም ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ችግሩ ሚኒማሊዝም ኢንተርኔት ላይ ሲዞር «ለምድርም ይበጃል» የሚል ተቀጥላ ይዞ መምጣቱ ነው። ይህ ደግሞ የሚለካ ነገር ነው፤ የሚለካ ነገር ካለ መለካት አለበት።

ልዩነቱን ለማየት ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡ። ሮቶው ሙሉ መሆኑ ወይም ባዶ መሆኑ በወር ስንት ውኃ እንደምትጠቀሙ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ቧንቧው ላይ ያለው ቆጣሪ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ያለው የዕቃ ብዛት ሮቶው ነው፤ በዓመት ውስጥ በበር የሚገባውና የሚወጣው ደግሞ ቆጣሪው። ምድር የምትከፍለው በቆጣሪው ነው እንጂ በሮቶው አይደለም።

ታዲያ ሁለት ቤት እናነጻጽር። አንደኛው ውስጥ ፍራሽ፣ ላፕቶፕ፣ አንድ አበባ ብቻ አለ። ባለቤቱ ስልክ በየዓመቱ ይቀይራል፣ ውኃ በሃይላንድ እየገዛ ይጠጣል፣ ፋሽኑ ያለፈበትን ልብስ «ቀነስኩ» እያለ ያወጣና አዲስ ያስገባል። ሁለተኛው ቤት የእማማ ነው። ቡፌው ከሠርጋቸው ጊዜ ጀምሮ ባለ ብርጭቆ ተሞልቷል፣ ቁም ሳጥኑ አይዘጋም፣ ጓዳ ውስጥ የዘይት ጄሪካን ተደርድሯል። ግን ከገባ ዓመታት ያለፉት ዕቃ ነው፤ የሚወጣም የለም። ፎቶ ብናነሳ የመጀመሪያው ቤት መጽሔት ላይ ይወጣል። ቆጣሪ ብንገጥምለት ደግሞ እማማ በሰፊ ልዩነት ያሸንፋሉ። በ2015ቱ ፊልም ላይ የቀረበችው ኮርትኒ ካርቨር ለሦስት ወር 33 አልባሳት ብቻ የመልበስ ዘዴ ይዛ መጥታለች። ቁጥሩ ደስ ይላል፣ ለመጀመርም ይመቻል። ግን 33ቱ በየሦስት ወሩ አዲስ ከሆኑ በዓመት 132 ናቸው።

ሁለቱ ጓደኛሞች በጽሑፎቻቸው የሚያስተምሩት ሌላ ሕግም አለ። «ምናልባት ያስፈልገኛል» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን፣ ከ20 ዶላር ባነሰ ዋጋና ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መተካት የምትችሉ ከሆነ ልቀቁት ይላሉ። ይህን ሕግ ባየሁ ቁጥር የፋብሪካ አስተዳደር ትምህርት ትዝ ይለኛል። ቶዮታ ታዋቂ ያደረገው «ጀስት ኢን ታይም» የሚባል አሠራር አለ፤ መጋዘን አትሙላ፣ ዕቃው በሚያስፈልግበት ሰዓት ይድረስልህ ነው ነገሩ። በደንብ ይሠራል፤ መንገዱ፣ አቅራቢውና ኤሌክትሪኩ እስካሉ ድረስ። ያኔም መጋዘኑ አይጠፋም፤ ወደ አቅራቢው ይዞራል። የ20 ደቂቃው ሕግም እንዲሁ ነው። መጋዘናችሁ ሱቁ ነው ማለት ነው፤ ዕቃውም ሁለት ጊዜ ይመረታል፤ አንዴ ለጣላችሁት፣ አንዴ መልሳችሁ ለምትገዙት።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሕጉ ጭራሽ አይሠራም። ኮሪደር ላይ የተደረደረው ጄሪካን ለአሜሪካዊ ዓይን ኮተት ሊመስል ይችላል። ለእኛ መጠባበቂያ ነው፤ ሥርዓቱ ሲቋረጥ ቤቱ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ። ሻማው፣ የከሰል ምድጃው፣ በፌስታል የተቋጠረው ሚስማርና ሽቦም እንደዚያው። ለነገሩ ሁሉም ማስቀመጥ ትክክል ነው እያልኩ አይደለም። ጓሮ ውስጥ ለስምንት ዓመት ዝናብ የሚመታው የተበላሸ ፍሪጅ መጠባበቂያ አይደለም፤ የታሰረ ብረትና መዳብ ነው። እሱ መውጣት አለበት። ግን የት?

እዚህ ላይ ነው ፊልሞቹ በጣም ያሳዘኑኝ። ከሀብታም አገሮች ቤቶች «ተሰጠ» ተብሎ የሚወጣው ልብስ ሁሉ ለባሽ አያገኝም፤ ብዙው ይታሰርና በመርከብ ይጫናል። ጋና፣ አክራ ውስጥ ያለው የካንታማንቶ ገበያ በዚህ ንግድ ይታወቃል። ነጋዴዎቹ እስሩን ሳይፈቱ ነው የሚገዙት፤ ሲፈቱት የማይሸጥ ጨርቅ ከበዛ ኪሳራው የነሱ ነው፣ ቆሻሻው ደግሞ የከተማው። ቺሊ ውስጥ አታካማ በረሃ ላይ የተጣለ የልብስ ክምር በፎቶ አይታችሁ ይሆናል። እኛ አገር ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ቢሆንም ሳልባጅ በኮንትሮባንድ እንደሚገባ የማያውቅ የለም። የሚያዙ የኮንትሮባንድ ዕቃዎች ዝርዝር በዜና ሲነበብ «ልባሽ ጨርቅ» ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ለቤት ቆሻሻውም ቢሆን አድራሻ አለው። የአዲስ አበባው አድራሻ ለአሥርት ዓመታት ቆሼ ነበር። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ «ጣልኩት» የሚለው ግስ ለእኔ ጎደሎ ሆኗል፤ የት ብሎ የሚቀጥል ቃል ያስፈልገዋል።

በሌላ በኩል ሁለቱም ፊልሞች የማያውቁት አንድ ሰው አለ፦ ቆራሌው። ማዳበሪያውን ተሸክሞ በየመንደሩ እየጮኸ ያረጀ ብረት፣ ጠርሙስና የተሰበረ ዕቃ ይገዛል። የሰበሰበው ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ተለይቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተበይዶ የከሰል ምድጃ ወይም ሌላ የቤት ዕቃ ሆኖ ይመለሳል። ይህ ሥራ ግን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል፣ በትንሽ ገቢ ነው። ስለዚህ «አባቶቻችን ቀድመው ያውቁት ነበር» የሚለው ጉራ አይመቸኝም። ችግር ያስተማረው ጥበብ ነው። ሆኖም እንደ ሥርዓት ካየነው ወሰኑ ከቤቱ ግድግዳ አልፎ ይሄዳል፤ ከራያን ካርቶኖች የሚለየውም በዚህ ነው።

«እሺ፣ እኔስ ምን ላድርግ?» ለሚል ወጣት አንድ ሁለት ስሌት ላሳይ፤ እዚህም ልማዶቻችንን የምንመርጠው በመልካቸው እንጂ በክብደታቸው አይደለምና። «ቻርጀር ከሶኬት ንቀሉ» የሚል ምክር በየቦታው አለ። ዘመናዊ ቻርጀር ስልክ ሳይሰካበት የሚወስደው ኃይል 0.1 ዋት አካባቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳይነቀል ቢቆይ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ የቻርጀሩን የዓመት ፍጆታ በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ በአንድ ምጣድ በተከታታይ ቢጋግር፣ ምጣዱን ከቅዝቃዜ ለማሟቅ የሚጠፋው ኃይል አንዴ ብቻ ይወጣል። ይህ ኢንስታግራም ላይ አያምርም።

ከረጢትም እንዲሁ። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ጉዳቱ ከአገሩ የሱቅ ፌስታል ጋር እኩል እንዲሆን ቢያንስ 52 ጊዜ፣ ኦርጋኒክ ጥጥ ከሆነ 149 ጊዜ ማገልገል አለበት። ጥጥ ውኃ፣ ማዳበሪያና መሬት ይፈልጋላ! ጥናቱ የተሠራው ቆሻሻ በሥርዓት ለሚሰበሰብበት አገር ነው፤ ፌስታል ቦይ በሚዘጋበት ከተማ ጉዳቱ ሌላ ነው። ግን ቁም ነገሩ አይቀየርም፤ ከየስብሰባው የሚሰጣችሁ አሥር የጨርቅ ቦርሳ በር ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ማንንም አልጠቀመም። የእናታችሁ ዘንቢል ግን 52ን ካለፈ ቆይቷል።

ስልክ ላይ ደግሞ አብዛኛው የካርቦን ጉዳት የሚደርሰው በማምረት ጊዜ ነው፤ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ። ሁለት ዓመት የሚያዝን ስልክ ባትሪ አስቀይሮ አራት ዓመት ማድረስ ያንን ጉዳት በዓመት ሲካፈል በግማሽ ይቀንሰዋል። ሁለቱ ፊልሞች ስለ ጥገና የሚሉት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዕቃ ወይ ይያዛል ወይ ይለቀቃል፤ የሚጠገን ነገር ያለ አይመስልም። (ዕቃ ስለመቀነስ ዓለምን ያስተማረችው ማሪ ኮንዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የራሷን የኢንተርኔት ሱቅ ከፈተች። አስተያየት የለኝም።)

በጣም የሚያስቆጨው ዳቬላ መልሱ እጁ ላይ እንደነበረ ነው። በ2015ቱ ፊልም ላይ የኢኮኖሚና የማኅበረሰብ ተመራማሪዋ ጁልየት ሾር ቀርባ ችግራችን ቁሳቁስ መውደዳችን ብቻ እንዳልሆነ ታስረዳለች፤ የዕቃውን ትርጉምና ምልክት እንወዳለን እንጂ ዕቃውን ራሱን፣ የተሠራበትን ቁስ፣ ከቁብ አንቆጥረውም ነው የምትለው። ሐሳቡ ከጠቅላላው ፊልም ይበልጣል፤ ግን ብልጭ ብሎ ያልፋል። በ«ሌስ ኢዝ ናው» ላይ ደግሞ አኒ ሌናርድ አለች። አኒ እ.ኤ.አ. በ2007 «ዘ ስቶሪ ኦፍ ስተፍ» በሚለው አጭር ፊልሟ ዕቃን ከማዕድን ማውጫ እስከ ቆሻሻ መጣያ የተከተለች ሴት ናት። ስለ ካርቶኖቹ ጉዞ ከእሷ የተሻለ የሚመሰክር አይገኝም፤ ፊልሙ ግን ስለ ሸማችነት አስወርቷት ካርቶኖቹን ሳይከተል ይመለሳል።

የአኒ ፊልም 20 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በእጅ የተሣለ በሚመስል አኒሜሽን የተሠራና ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኝ። ነገሮችን ከልክ በላይ ያቃልላል፤ ቁጥሮቹንም እንደወረዱ አትቀበሏቸው። ቢሆንም ከሁለቱ ፊልሞች በፊት እሱን እዩ። ካርቶን ማሸግ ያለባችሁ ከዚያ በኋላ ነው፤ ቆራሌው በሰፈራችሁ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ካጣራችሁ ወዲያ።