ሙያው ተወዶ ትውልዱ የተናቀ፦ ኦቴሎ ከማንኩሳው በዛብህ ጎን ሲነበብ

የሼክስፒር ኦቴሎ የቅናት ተውኔት ተብሎ ይታወቃል። እንዲህ ሲነበብ ጥፋቱ ሁሉ በአንድ ባል ልብ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። እኔ ግን ከቅናቱ በፊት ንቀቱ ነበረ እላለሁ፤ ይህንንም ጎጃም ላይ ቆሞ ማየት ይቀላል።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1950ዎቹ ኦቴሎን ወደ አማርኛ ሲመልሰው በኦቴሎና በቬኒሳውያኑ መካከል ያለው የቆዳ ቀለም ልዩነት ከመድረኩ ጠፋ። ተዋንያኑ ሁሉ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። ታዲያ ተመልካቹ የኦቴሎን ባዕድነት በምን ይለየዋል? በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» መልሱን ይዟል፦ በአጥንት ቆጠራ።

ብራባንሾ ኦቴሎን ቤቱ እየጠራ የጦር ሜዳ ታሪኩን ያስተርከዋል። ልጁ ዴዝዴሞና ስታገባው ግን ያ የተከበረ እንግዳ በአንድ ሌሊት አስማተኛ ተብሎ ይከሰሳል። በዚያው ሌሊት የቱርክ መርከቦች ወደ ቆጵሮስ እየገሰገሱ ስለሆነ፣ የቬኒስ መንግሥት ጦር አዝማችነቱን አጥብቆ ይፈልገዋል። በጎጃም ከፍኖተ ሰላም ብዙ የማትርቀው የማንኩሳ ልጅ በዛብህም በትምህርቱ ተመርጦ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ይገባል፤ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ያስተምራል። ዕውቀቱ ያስገባዋል፣ ትውልዱ ከጋብቻ ያግደዋል። ማረሻውን የሚሠራለትን ቀጥቃጭ «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ የኖረ አገር ይህን ሥርዓት አሳምሮ ያውቀዋል።

ቅናቱ የሚቀጣጠለው በሦስተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ነው። የኦቴሎ የበታች መኮንን ኢያጎ ማስረጃ ከማምጣቱ በፊት የአገሩን ሴቶች ጠባይ እንደሚያውቅ ይናገራል፤ ለእንግዳ ሰው የባለአገር ቃል ከምስክር ይበልጣል። ቀጥሎ ዴዝዴሞና አባቷን ማታለሏን ያነሣል፤ ይህን ብራባንሾ በመጀመሪያው ገቢር ተናግሮት ሄዷል። አገሯንና ቀለሟን የሚመስለውን ትታ እሱን መምረጧም ከጤና እንዳልሆነ ያስረዳዋል። ኦቴሎ ብቻውን ሲቀር ጥቁርነቱን፣ ለዛ ማጣቱን፣ ዕድሜውን በራሱ ላይ ይቆጥራል። ኢያጎ ማስረጃ የሚያደርገው የዴዝዴሞና መሀረብ የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው። መሀረቡ መሬት ሳይነካ ሰውየው ስለ ራሱ የተባለውን አምኗል።

ኢያጎና የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ የሆነው ጉዱ ካሳ እዚህ ላይ ይነጻጸራሉ። ሁለቱም የቤቱን ልማድ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ካሳ ልማዱን ፊት ለፊት ይነቅፋል፤ ኢያጎ መሣሪያ ያደርገዋል። የፊታውራሪ አገር እውነት ተናጋሪውን «ጉዱ» ሲል፣ ቬኒስ ደግሞ ዋሾውን ታማኝ ትለዋለች። በዛብህና ሰብለ ቢያንስ አንድ የውስጥ ሰው ከጎናቸው ቆሟል። ኦቴሎ ግን የሚያማክረው ኢያጎን ነው፤ የኢያጎ ሚስት ኤሚልያ እውነቱን የምታወጣውም ዴዝዴሞና ከተገደለች በኋላ ነው።

ይህ ማለት ኦቴሎ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ንጽሕት ሚስቱን በገዛ እጁ ገድሏል፤ በዛብህ የተናቀው ከኦቴሎ ባያንስም ማንንም አልገደለም። መናቅ ግድያን አያጸድቅም፤ የኢያጎ ቃል ያለ ብዙ ድካም ለምን እንደታመነ ግን ያስረዳል።

ስለዚህ አዘጋጆች ኢያጎን እንደ ሰይጣን ባያቀርቡት እመርጣለሁ። ሰይጣን ከሆነ ተመልካቹ ራሱን ነጻ አውጥቶ ይሄዳል። ልማድ አዋቂ፣ በሽምግልና የሚጠራ፣ ሁሉ የሚያምነው ጎረቤት ሆኖ ሲቀርብ ግን ጥያቄው ወደ ተመልካቹ ይዞራል፦ በሙያው እየተጠቀምን ልጃችንን የምንነፍገው ማንን ነው?