ብርሃን ያልነካው ስፍራ፦ በአንድ የልጆች ፊልም ትዕይንትና በራሳችን ሳቅ ላይ የቀረበ ሂስ

ትዕይንቱን የማያውቅ ጓደኛ በዶርማችን የለም። አባትየው አንበሳ ማለዳ ከአለቱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለደቦሉ አገሩን ያሳየዋል፤ ብርሃን የነካው ምድር ሁሉ ግዛታችን ነው ይለዋል። ልጅ ነውና ዓይኑ ብርሃኑን ትቶ ጥላው ላይ ያርፋል። ያ ጥቁሩ ቦታስ? እዚያ እንዳትረግጥ! ይኸው ነው።

ፊልሙ ዋልት ዲዝኒ በ1994 እ.ኤ.አ. ለልጆች ያወጣው «ዘ ላየን ኪንግ» ነው። ዛሬ ግን ትዕይንቱ ከፊልሙ ተነጥሎ፣ በሦስት በአራት ሥዕል ተቆራርጦ፣ ሚም ሆኖ ከስልክ ስልክ ይዞራል። በጥላው ቦታ ሁሉም የፈለገውን ይሰካበታል፤ የፈተና አዳራሽ፣ የቀድሞ ፍቅረኛ ሰፈር፣ የወሩ መጨረሻ። «ሚም» የሚለውን ቃል የፈጠረው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዶኪንስ በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ በመኮራረጅ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሐሳብ ወይም ልማድ ማለቱ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሥዕል መካከል ለምን ይህ ተመረጠ? ቅርጹን ስንመረምረው የእንቆቅልሽ ዘመድ ሆኖ አገኘነው። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ቅርጹ አይለወጥም፣ የሚለወጠው መልሱ ነው፤ መልሱን ያጣ ደግሞ «አገር ስጠኝ» ይባላል። እዚህ አባትየው አገሩን አስቀድሞ ሰጥቶ ይጨርስና ጥያቄው ከኋላ ይመጣል። ደግሞም አባትየው አይቀልድም። የተዋናዩ የጄምስ ኧርል ጆንስ ከባድ ድምፅ ድምፅ በሌለው ሥዕል ላይ እንኳ ይሰማል፤ የፈተናውን አዳራሽ አስቂኝ የሚያደርገው ይኸው ኮስታራነት ነው።

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ማታ እኛም አንድ ሠራን። በብርሃኑ በኩል ሐምበሪቾን ከነ777 ደረጃው፣ ሆሳዕናን፣ ዱራሜን፣ ሺንሺቾን፣ ሾኔን ደረደርን። በጥላው በኩል ደቡብ አፍሪካ። ደቦሉ «እዚያስ አባባ?» ሲል አባቱ «እዚያማ ትሄዳለህ፤ በሬውን ሸጬልሃለሁ» ብሎ ይመልሳል። ሳቅን፣ ኧረ ተንከተከትን! በነጋታው ዱራሜ ካምፓስ ደርሶ ተመለሰ።

አንድ ጓደኛችን ግን አልሳቀም። ታላቅ ወንድሙ በሞያሌ በኩል የወጣ ነው። «ለመሆኑ ፊልሙን ጨርሳችሁ አይታችሁታል?» ብቻ አለን።

ተሰብስበን እንደገና አየነው። ያ ጥላ ያረፈበት ስፍራ የዝሆኖች መቃብር ነው። ደቦሉም በገዛ ራሱ አልሄደም። አጎቱ ስካር የሚደብቅ መስሎ ምስጢሩን ያወጣለታል፤ እዚያ የሚሄዱት ጀግኖች ብቻ ናቸው ብሎም ያክልበታል። ይህን ሰውዬ እናውቀዋለን! እኛ ዘንድ ደላላ ይባላል። በፊልሙ አባትየው ደርሶ ልጁን ከጅቦቹ አፍ ያወጣዋል፤ የእኛ አባት ግን ስልክ ታቅፎ ይጠብቃል።

ሚሙ እንግዲህ መቃብሩን ቆርጦ ጥሏል። መቁረጡን አንነቅፍም፤ ሚም የሚኖረው በመቁረጥ ነው። የተቆረጠው ምን እንደሆነ አለመጠየቃችን ነው የሚነቀፈው (ሂስና ግለ ሂስ ይሉት የነበረው ይኸው ይሆን?)። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው አውራጃ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት ከ78 ኢትዮጵያውያን 64ቱ ሞተው፣ 14ቱ በሕይወት ተገኙ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ ሰዎች በጅምላ የተቀበሩበት ጉድጓድ ተገኘ። የደቦሉ ስም ሲምባ በስዋሂሊ አንበሳ ማለት ነው፤ ወንድሞቻችን በኬንያና በታንዛንያ ሲያልፉ በየመንገዱ የሚሰሙት ቋንቋ።

ይህን ብለን ግን ፊልሙን ነፃ አንለቅም። በፊልሙ አባትየው ንጉሥ ነው፤ ብርሃን የነካው ሁሉ የእሱ ስለሆነ «አትሂድ» ማለት አይከብደውም። በሐዲያና በከምባታ መንደር ብርሃን የሚነካው የአባት ርስት አንድ የእንሰት ጓሮ ነው፤ እሱም ለወንድማማቾች ይሸነሸናል። እንዲህ ሲሆን «ያስ?» ብሎ መጠየቅ የልጅ እልኸኝነት አይደለም። ሆሳዕና ላይ በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የቆሙት ቤቶች ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ይታያሉ፤ ማንም በጥላ ሊሸፍናቸው አይችልም። የእኛ ቀልድ ይህን ያህል እውነት ይዞ ነበር፤ ፊልሙ ያልነገረንን በሬውን ነገረን። ሁለቱንም፣ መቃብሩንም በሬውንም፣ በአንድ ሥዕል የሚይዝ ሚም ለመሥራት ሦስት ማታ ሞከርን። አላሳቀም፤ ማንም ለማንም አልላከውም።

የፊተኛውን እናጥፋው ብንል ከእጃችን ወጥቷል። ባለፈው ሳምንት ከማናውቀው የቴሌግራም ግሩፕ ተመልሶ መጣልን። ሥዕሉ ያው ነው፤ አባትየው የሚለው ግን ተለውጧል። በሬው ቀርቶ «ጓሮውን ሸጬልሃለሁ» ሆኗል።