ስለ ሕይወት ጥራት መጠይቆች አስተማማኝነትና ትክክለኛነት

ሐኪም የበሽተኛውን ትኩሳት በቴርሞሜትር፣ ክብደቱንም በሚዛን ሊለካ ይችላል። ነገር ግን በሽተኛው ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ፣ ሥራውን ለመሥራት አቅም እንዳለው፣ ሐሳብ ይዞት እንደ ሆነ ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ከጤና ጋር የተያያዘውን የሕይወት ጥራት የሚመረምሩት መጠይቆች የተዘጋጁት ይህንኑ ከባለቤቱ አፍ ለመስማት ነው። ዓላማቸው መልካም መሆኑን ማንም አይክድም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው በእነርሱ የሚገኘው ቁጥር ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በብዙ የጥናት ጽሑፎች ውስጥ «አልፋው ከ0.70 በላይ ስለ ሆነ መጠይቁ አስተማማኝና ትክክለኛ ነው» የሚል አነጋገር ይገኛል። ይህ አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። አስተማማኝነት ማለት ሁኔታው እስካልተለወጠ ድረስ መለኪያው ደጋግሞ ተመሳሳይ ውጤት መስጠቱ ነው፤ ትክክለኛነት ማለት ደግሞ ይለካል የተባለውን ያንኑ ነገር መለካቱ ነው። የአንድ ቡና ነጋዴ ሚዛን ሁልጊዜ መቶ ግራም የሚያጎድል ከሆነ ሚዛኑ ጽኑ ነው፤ እውነተኛ ግን አይደለም።

ሊ ክሮንባክ በ1951 ያቀረበው አልፋ የሚነግረን በአንድ ክፍል ያሉት ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚስማሙ ነው። ከዚህም በላይ ቁጥሩ ከጥያቄዎቹ ብዛት ጋር ከፍ ይላል። ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅትን ባለ 26 ጥያቄ አጭር መጠይቅ እንመልከት። መጠይቁ አካልን፣ አእምሮን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና አካባቢን በ4 ክፍሎች ይመረምራል። በ23 አገሮች 11,830 ሰዎች ተጠይቀው በ2004 በታተመው ጥናት የአካሉ ክፍል አልፋ 0.82፣ የማኅበራዊው ግን 0.68 ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ያየ ሰው ማኅበራዊው ክፍል ደካማ ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኩል ይሆናል። ዳሩ ግን የአካሉ ክፍል 7 ጥያቄዎች ሲኖሩት ማኅበራዊው ያለው 3 ብቻ ነው። በስፒርማንና በብራውን ቀመር ቢሰላ፣ የእነዚሁ ዓይነት 3 ጥያቄዎች ቢጨመሩ 0.68 የነበረው ወደ 0.81 ገደማ ይደርሳል። በአንጻሩም አንዱን ጥያቄ በልዩ ልዩ ቃል የሚደጋግም ሰው አንዳች አዲስ ነገር ሳያውቅ ከፍተኛ አልፋ ሊያገኝ ይችላል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የትክክለኛነት ጥያቄ ነው። ዌርና ሸርቦርን በ1992 ያቀረቡት ባለ 36 ጥያቄ መጠይቅ ጤናን በ8 ክፍሎች ይለካል። መጠነኛ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ጠረጴዛ ማንቀሳቀስን፣ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ወለል ማጽዳትንና ጎልፍ መጫወትን በምሳሌነት ያነሣል። ይህ መጠይቁ ለተዘጋጀበት ለአሜሪካ ሕዝብ የተለመደ ነገር ነው። በእንስራ ውሃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ስለ ጎልፍ የምትሰጠው መልስ ግን ስለ ወገቧ ሕመም ምንም አይናገርም። ስለዚህ ይኸው መጠይቅ በቡታጅራ ገጠር ተፈትኖ ውጤቱ በ2004 መታተሙ የሚመሰገን ነው፤ መለኪያ በሄደበት አገር ሁሉ እንደገና ሊፈተን ይገባዋልና።

ትርጉሙም ሌላ ችግር አለው። በእንግሊዝኛ «ሰማያዊ» የሚለው ቃል ትካዜን ያመለክታል። ተርጓሚው «ሰማያዊ ስሜት» ብሎ ቢጽፍ፣ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰው የመጀመሪያውን ቃል ሳይቸገር ያገኘዋል፤ ትርጉሙም ፈተናውን አለፈ ይባላል። አማርኛ አንባቢው ግን የሚያስበው ቀለሙን ወይም መንግሥተ ሰማያትን ነው። እንዲሁም «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ሰላምታ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውም መልስ ከደኅናውም ከታመመውም አፍ ይወጣል። ጠያቂው ይህን «በጣም ጥሩ» ብሎ ከመዘገበ የለካው ጤናን ሳይሆን ጨዋነትን ነው።

አንዳንዶች «ፍጹም መለኪያ ስለማይገኝ ባለው መሥራት ይሻላል» ይሉ ይሆናል። እኛም መጠይቆቹ ይጣሉ አንልም፤ ቢጣሉ በሽተኛው ዝም ብሎ ስለ እርሱ ሌላው ብቻ ይናገራልና። የምንለው መጠይቁን የሚጠቀም ተማሪ ከአልፋ አልፎ ይሂድ ነው። ሕመማቸው ያልተለወጠባቸውን ሰዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ይጠይቅ። ጥያቄውን እንዴት እንደ ተረዱት በራሳቸው ቃል ያስነግራቸው። መጠይቁ ጽኑ ሕመምተኛውን ከደኅናው መለየቱን ይመልከት። ደግሞም 0.70 ቡድንን ከቡድን ለማነጻጸር የሚበቃ ቢሆን፣ በአንድ በሽተኛ ላይ ለመወሰን 0.90 እንደሚፈለግ የሥነ ልክ ሊቃውንት ያሳሰቡትን አይርሳ።

በእነዚህ ቁጥሮች መድኃኒት ከመድኃኒት ይበለጣል፤ ለሕክምና የሚሆን ገንዘብም ይመደባል። ቁጥሩ ቢሳሳት ጉዳቱ የሚደርሰው በሰንጠረዡ ላይ ሳይሆን ሕመሙን ተናግሮ ሳይሰማ በቀረው ሰው ላይ ነው።